የገጽ ሰባት ጥግ

ውድ እትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ዛሬም ደረጃ ሲያይ ይቆጣል? እኛ ካርድ ክፍል ደህና ነን። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚቆጣን ሰው አጥተን ትንሽ ሰንፈናል እንጂ። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም፤ እጅ ከፍንጅ ይዤዎታለሁ።

ያስታውሳሉ፣ የሕመምተኞች ካርድ ከመደርደሪያ ወደ ኮምፒውተር የገባ ጊዜ? አለቃችን «ዓርብ ፈተና አለ፤ ያላለፈ ወደ መጋዘን ይዛወራል» አለ። የማን ካርድ የት እንዳለ ዓይንዎን ጨፍነው የሚያወጡት እርስዎ፣ ያን ቀን ማውዟን በሁለት እጅዎ ይዘው ቁጭ አሉ።

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ! መጋዘኑ ይሻለኛል» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «አንቺ ልጅ፣ እስክሪን ላይ የሚሮጥ ነገር አይገባኝም። በወረቀት አድርጊልኝ።»

እሺ ብዬ የእያንዳንዱን ገጽ ስክሪንሾት፣ የእስክሪኑን ፎቶ ማለት ነው፣ ማንሳት ጀመርኩ። እርስዎም ላግዝሽ ብለው «ፕሪንት ስክሪን» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑና ወረቀት የሚያወጣ መስሎዎት ፕሪንተሩ አጠገብ ሄደው ቆሙ። ሩብ ሰዓት! «ይሄም እንደኔ አርጅቷል» ሲሉ ሳቄን ይዤ ኮሪደር ወጣሁ።

ሦስት ቀን ምሳ ሰዓቴን ሠዋሁ። ያነሳሁትን ፔይንት በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ እለጥፋለሁ፣ የማያስፈልገውን እቆርጣለሁ፣ የሚጫኑበት ቦታ ላይ ቀይ ቀስት አደርጋለሁ። የሕመምተኞቹን ስም በጥቁር ሸፍኚ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ «የሰው ገመና ነው» ብለው። ቅጽል ስም ያወጡልኝም ያኔ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለቱን ገጽ ሰጠሁዎት። ከሰዓት ሌላ ሰው ሆነው መጡ። ወንበር ስበው «ነይ፣ ጠይቂኝ!» አሉ። ዓርብ ፈተናውን አለፉ። እኔ ቀስቶቼ የሠሩት ተአምር መስሎኝ ለአራት ዓመት ስኮራ ኖርኩ።

ባለፈው ማክሰኞ መመሪያውን ላድስ ብዬ የድሮውን ፋይል ከፈትኩ። ገጽ ሰባት ላይ፣ ታች በቀኝ ጥግ፣ በቢሮው ቻት ለአለቃችን የጻፍኩት መልእክት ቁጭ ብሏል፦ «እትዬ ወደ መጋዘን ከሄዱ እኔንም አብረው ያዛውሩኝ።»

መቁረጥ ረስቼው! የሰውን ሁሉ ስም ሸፍኜ የራሴን ገመና በእጄ ሰጠሁዎት። ፊቴ እሳት ሆነ። ሮጬ የድሮ መሳቢያዎን ከፈትኩ። ወረቀቶቹ ጥለውልን እንደሄዱት አሉ። ገጽ ሰባት ግን ያ ጥጉ የለም። በመቀስ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል።

እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ትንፍሽ ሳይሉ! እኔም አሁን ልናገር። መልእክቱ ከልቤ ነበር። ያለ እርስዎ ያ ክፍል ክፍል አይመስለኝም ነበር። ፊት ለፊት ለመናገር ግን አፈርኩ። አንብበውት እንደነበር ሳውቅ እንዴት ደስ እንዳለኝ አይጠይቁኝ።

አዲሱ መመሪያ አልቋል፤ ጥጎቹን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። አሮጌዋን ገጽ ሰባት ግን ለማንም አልሰጥም። ቅዳሜ ልጠይቅዎት ስመጣ ይዣት እመጣለሁ። እርስዎም ቁራጯን ካስቀመጡበት ያውጡና ይጠብቁኝ፤ ትገጥም እንደሆነ አብረን እናያለን።

የእርስዎው
«ቀይ ቀስት»