ያላስተማርኳቸው ሃያ ሰዓታት

ውድ ባይሆንስ፣

በዚህ ስም ስጠራሽ ፊትሽ እንደሚኮሳተር አውቃለሁ። ግን በሕንፃው ሥራ ላይ የነበርን ሁሉ የምንጠራሽ በእሱ ነበር፤ «ሲሚንቶው ሰኞ ይገባል» ባልን ቁጥር «ባይሆንስ?» ትዪን ነበርና። ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሆነ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለናፈቅሽኝ ብቻ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ከጠረጴዛዬ በላይ የሰቀልኩትን የፕሮጀክት አስተዳዳሪነት ሰርተፊኬት ታስታውሻለሽ። በየሦስት ዓመቱ ካልታደሰ ዋጋ የለውም። ለማደስ ደግሞ ስልሳ ሰዓት መማሬን ወይም ሰው ማስተማሬን ማስመዝገብ አለብኝ። አርባውን እያዛጋሁም ቢሆን በኢንተርኔት ኮርስ ሞላሁት። ሃያ ሲጎድለኝ ስምሽን ጻፍኩ፤ «ጀማሪ ባልደረባዬን የሥራ መርሐ ግብር አወጣጥ አስተምሬአለሁ» ብዬ።

አሁን ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው ተቋም ማስረጃ አምጣ አለኝ። በአሥር ቀን ውስጥ ያንቺን ፊርማ ይፈልጋሉ። ሰርተፊኬቱ ከሌለ ሥራው የለም፤ ውሌ ላይ በግልጽ ተጽፏል። በሃምሳ አራት ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል? ስልኬ በጮኸ ቁጥር እዘላለሁ። ባለቤቴ «ምነው፣ ሰው ገድለሃል እንዴ?» ትለኛለች። እስቃለሁ፤ ወዲያው ግን ስልኩን በፊቱ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ።

ሃያው ሰዓት እውነት ነው። በየምሳ ሰዓቱ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ፣ የተገለበጡ የቀለም ባልዲዎች ላይ ተቀምጠን። ግን ካርቶን ቀድደሽ መርሐ ግብሩን የምትስዪው አንቺ፣ ያልገባኝን ደጋግሜ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የሚፈሩትን ይጻፉ» ትዪኝ ነበር። «ሲጽፉት ያንሳል። ካልጻፉት ራሱ ቀን መርጦ ይመጣብዎታል።»

«የፈሩት ይደርሳል ማለትሽ ነው?» ብዬ ስቀልድብሽ፣ «ይደርሳል፤ እርስዎ ግን በር ላይ ቆመው ይጠብቁት» አልሽኝ።

ከዚያ ያ ስብሰባ መጣ። የሕንፃው ባለቤቶች ያንቺን መርሐ ግብር የእኔ መስሏቸው አመሰገኑኝ፤ አላረምኳቸውም። ስላንቺ የሥራ እድገት ሲጠይቁኝ፣ አንቺ እዚያው በሩ አጠገብ ደብተርሽን ታቅፈሽ እንደተቀመጥሽ፣ «ጎበዝ ናት፤ ግን ገና ከእኔ እየተማረች ነው» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው! ለምን እንዳልኩት ልንገርሽ፤ ፈርቼሽ ነበር። ቦታዬን ትወስጃለሽ ብዬ። በሳምንቱ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠሽ ሄድሽ፤ ቀና ብለሽ እንኳ አላየሽኝም።

ቅጹን ስሞላ ያንኑ ቃል ነው የደገምኩት። የሚያናድደው ደግሞ፣ ከባልደረባ መማርም ይቆጠራል። እውነቱን ብጽፍ ኖሮ ሃያው ሰዓት ይያዝልኝ ነበር። ያላስጻፈኝ ኩራቴ ነው።

ትናንት የሚያስፈራኝን ሁሉ እንዳስተማርሽኝ ጻፍኩት። ባትፈርሚልኝስ? ብትፈርሚልኝስ? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አስፈራኝ። ደግ ስለሆንሽ ልትፈርሚ ትችያለሽ፤ ያን ጊዜ ውሸቴን ያንቺም አደርገዋለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ለተቋሙ ጻፍኩ፤ መጀመሪያ ያስመዘገብኩት ሐሰት እንደሆነ፣ አስተማሪዋ አንቺ ተማሪው እኔ እንደነበርኩ። ያኔ ስብሰባው ላይ ለነበሩትም ሁሉ ግልባጭ ልኬአለሁ። ሰርተፊኬቴን ሊሰርዙት ይችላሉ፤ ለባለቤቴ እንኳ ገና አልነገርኳትም።

ፊርማ አልጠይቅሽም። ከደብዳቤው ጋር የምታገኚው ካርቶን ያንቺ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ ደብቄው ነበር። መልሳቸው ነገ ይምጣ ከነገ ወዲያ አላውቅም። እንዳልሽኝ በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኩት ነው።

ተማሪሽ