ወይዘሮ ሙሪየል ላርተርና የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ

አክስቴ ወይዘሮ ሙሪየል ላርተር ከአባታቸው ከአቶ ኸርበርት ፔግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶሪስ ባርኔት እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1934 በኖርፎክ የባሕር ጠረፍ፣ በሄርንስቢ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሸርጣን አጥማጅ ነበሩ። የተወለዱበትን ቤት በ1953 ጎርፍ ባሕሩ ወስዶታል። ቢሆንም ለጠየቃቸው ሁሉ ውሃው ሲሸሽ ወደ አሸዋው ይዘውት ወርደው፣ ምድጃው እዚህ፣ አልጋዬ እዚያ እያሉ ያሳዩ ነበር።

እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው በመንደሩ ትምህርት ቤት ተምረዋል። መምህራቸው በሪፖርት ካርዳቸው ላይ "ጥያቄ ታበዛለች" ብለው የጻፉትን አክስቴ እንደ ዲፕሎማ በመስታወት አስገብተው ሰቅለውታል።

ከ1950 ጀምሮ ለአርባ አራት ዓመታት በብስክሌት ደብዳቤ አድለዋል። እውነቱን እንናገርና ደብዳቤው ሁልጊዜ በሰዓቱ አይደርስም ነበር። ክብ ግንብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ካዩ፣ ባልጩቱን ከየት አመጡት፣ የሰሜኑን በር ማን ደፈነው ሳይሉ አያልፉም። በአውራጃችን ደግሞ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ከስድስት መቶ በላይ ነው!

በ1957 አናጢውን አቶ ስታንሊ ላርተርን አግብተው ሮጀርንና ጂሊያንን ወልደዋል። "ሰው ሙሽሪቱን ይዞ ሆቴል ይገባል፤ እኔ በጫጉላዬ የደወል ቤት ደረጃ ስቆጥር ሰነበትኩ" እያሉ ባለቤታቸው ዕድሜ ልካቸውን ይቀልዱ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ከመንደሩ ውጭ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። በአቶ ጀፍሪ ክሮፍት ማሳ በኩል የሚያቋርጠው መንገድ ባሕሩን እያሳየ በሩብ ሰዓት ያደርሳል፤ አስፋልቱ ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው። አቶ ክሮፍት በ1989 የማሳውን በር ቆለፉት። አክስቴ የሕዝብ መንገድ ነው ብለው ቢያመለክቱም ማስረጃ የለም ተባሉ። በመንደራችን ደግሞ ሬሳ ያለፈበት መንገድ ለዘላለም የሕዝብ ይሆናል የሚል እምነት አለ። አቶ ክሮፍትም ያምኑበት ስለነበር በ1998 ስታንሊ ሲያርፉ ሣጥኑን አላሳልፍም አሉ። አስከሬኑ በአስፋልቱ ዞሮ ሄደ። አክስቴ ያን ቀን መኪና ውስጥ ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ እኔም አልረሳሁትም።

እንባቸውን ጠርገው ግን ይህ ሕግ የት ተጻፈ ብለው ፍለጋ ጀመሩ። አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ተመላልሰው፣ እንዲህ ያለ ሕግ በእንግሊዝ አገር ኖሮ እንደማያውቅ አረጋገጡ። ያገኙትንም በመንደሩ አዳራሽ ለሁሉም ተናገሩ። ጎረቤታቸው ቤሪል ተናደው "አንቺ ሴትዮ፣ ምን አለ ዝም ብትዪ? ሰውየው የሚፈራው ይህንኑ ብቻ ነበር!" ቢሏቸው፣ "ውሸት ከሆነማ መንገዱ ምን ያደርግልኛል?" ብለው መለሱ።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። ዘንድሮ በፌብሩዋሪ መጨረሻ አቶ ክሮፍትን አስጠርተው፣ "ጀፍሪ፣ ሬሳዬ መሬትህን አይወስድብህም። ስሄድ በማሳህ አሳልፈኝ" አሏቸው።

"ሕግ ካልሆነ ታዲያ ለምን ፈለጉት?"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሕሩን ከዚያ በኩል አላየሁትማ! በዚያ ላይ ገደሉ ምን ያህል እንደተናደ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

"ሞተው ሊያዩት?"

"እሱንም አላውቅም፤ ሄጄ አያለሁ" አሉ። አቶ ክሮፍት ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። አክስቴም መልሱን ሳይሰሙ ማርች 14 ቀን 2019 በተወለዱ በ84 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ።

በማግስቱ አቶ ክሮፍት ቁልፉን ይዘው ቤታችን መጡ። "ዋሽተውኝ ቢሆን ኖሮ አልከፍትም ነበር" አሉ። ዛሬ ሣጥኑን ከሚሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ቤሪልና መንደርተኛው ግን ከዛሬ ጀምሮ መንገዱ የሁላችንም ነው እያሉ ነው። አክስቴ ቢሰሙ እዚያው ያርሟቸው ነበር። ዛሬ የሚያርም የለም።

ወይዘሮ ሙሪየል የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ያላዩትንም ሁሉ ያሳያቸው።