ከዋንዛው ሥር የዋሸሁት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ነርሷ «በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ» ካለችኝ ሳምንት ሆነኝ። ወረታ ላይ መራመድ ግን አይቻልም። «ወዴት ነው?» «ምነው፣ በሰላም?» «ማን ታመመ?»... የትም እንደማልሄድ ለአስር ሰው ሳስረዳ ደክሞኝ እመለሳለሁ።

ዛሬ ሉሊት መጣች። አምስተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ፣ አሁን በፊታውራሪ አድማሴ ግቢ አስጎብኚ ሆናለች። ግቢው ዘንድሮ መናፈሻ ሆኗል፤ የድሮው ቤት ታደሰ፣ አበባ ተተከለ፣ የእግር መንገድ ወጣለት። «እዚያ ይራመዱ ቲቸር፣ ወዴት ነው የሚልዎት የለም።»

ሄድኩ። በዋናው በር ስገባ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ሉሊት ለጎብኚዎቹ «ቲቸር ገላነሽ የዚህ ቤት ዘመድ ናቸው» አለች። ለአርባ ዓመት ይህን ለከተማው ሳወራ የኖርኩት እኔው ነኝ፤ ምን ልበል? አንገቴን ቀና አድርጌ ፈገግ አልኩ... እንደ ዘመድ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ጉልበቴ ያማርራል፣ ዓይኔ ግን ደስ ብሎታል። ከጓሮው ጫፍ ሆኖ የፎገራ ሜዳ እስከ ዳር ይታያል። ሩዙ ቢጫ መምታት ጀምሯል፤ ክረምት የተወው ውሃ እዚህም እዚያም ያብረቀርቃል።

ጓሮው ውስጥ ካለው ትልቅ ዋንዛ ሥር ስደርስ የመናፈሻው ኃላፊ ንብረት ግንዱን በሜትር ይለካል። ቀይ ቀለም ቀብቶታል።

«ምን ልታደርጉት ነው?»

«ይቆረጣል እትዬ ገላነሽ። ጣውላው ወንበር ይወጣዋል፤ ቦታው ላይ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ድንኳን እንተክላለን።»

«አይቆረጥም።»

«ለምን?»

ለምን... እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። በምትኩ ሌላ ወጣ።

«የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ ማርያማዊት የተከሉት የስለት ዛፍ ነው። ያላገባ ሰው ሰባት ጊዜ ከዞረው ዓመት ሳይሞላው ያገባል። የቆረጠው ግን... እንዲሁ ይቀራል።»

ንብረት አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። አላገባም። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ማርያማዊት የሚለው ስም ከየት መጣልኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሉሊት ታሪኩን ለጎብኚ ስትናገር ሰማኋት። ወይዘሮ ማርያማዊት ሐር ቀሚስ ለብሰዋል፣ ችግኙን ከጎንደር በበቅሎ አስመጥተዋል፣ ሲተክሉም አልቅሰዋል። እኔ ይህን ሁሉ አላልኩም። ድሮ በድርሰት ከአስር ዘጠኝ ነበር የምሰጣት። ዛሬ አስር ሰጠኋት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ከሐሙሲት አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሴቶች መጡ። ቤቱን አላዩ፣ አበባውን አላዩ፤ በቀጥታ ወደ ዋንዛው። አንዷ አምስት ላይ ቆጠራው ጠፋባትና እንደገና ከአንድ ጀመረች። የዛፉ ዙሪያ ሣሩ ተላጭቷል።

ሰው ሲያልቅ፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር ማንን ባይ ጥሩ ነው? ንብረትን። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ግንዱን የሚመረምር መስሎ ቀስ እያለ ይዞራል። ቆጠርኩለት። ሰባት። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን ነከስኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሳቁ አለቀ። ንብረት ታሪኩን በድንጋይ ሊያስቀርጸው ነው። «ስምዎም ይኖርበታል፤ የቤቱ ዘመድ ገላነሽ እንደተናገሩት ተብሎ።» የቀረው የአንድ ሽማግሌ ምስክርነት ብቻ ነው አለ። ማንን መረጠ? የንስሐ አባቴን፣ ቄስ ደብረወርቅን። ሰማንያ ያለፋቸው፣ በፊታውራሪው ዘመን እዚያው አካባቢ የቆሎ ተማሪ የነበሩትን። «ለኅዳር ሚካኤል ቁሐር ወርጄ እጠይቃቸዋለሁ።»

ልታመም ይሆን?

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ቁሐር ሚካኤል። ታቦቱ ከገባ በኋላ ንብረት ቀድሞኝ ከቄስ ደብረወርቅ ጎን ተቀምጦ አገኘሁት። ጥያቄውን በሰው ፊት ጠየቀ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው አዩኝ።

«የዋንዛውን ነገር ገላነሽ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ራሷ ትንገርህ» አሉት። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱና ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ማርያማዊት የምትባል እመቤት በዚያ ቤት አልነበረችም።»

«አልነበረችም፣ አባ።»

«አማከለች ግን ነበረች።»

የእናቴን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ... እናቴ የፊታውራሪው ውሃ ቀጂ ነበረች። በጓሮ በር ትገባለች፣ በጓሮ በር ትወጣለች፤ እኔ የአስር ዓመት ልጅ፣ ትንሿን እንስራ አዝዬ ከኋላዋ። በዚያ ሁሉ ግቢ የምታርፈው ዋንዛው ሥር ብቻ ነበር።

«እኛ ተማሪዎቹ ውሻ ፈርተን ከአጥሩ ውጭ ስንቆም፣ ከእንስራዋ እየቀነሰች ታጠጣን ነበር» አሉ። «ውሃው ጎደለ ተብላ ስትሰደብም ሰምቻለሁ። አንቺ በእሷ ቦታ ሐር የለበሰች እመቤት አስቀመጥሽ።»

ሐሩ የሉሊት ነው ልል ነበር። ተውኩት።

«ስግደት ይዘዙልኝ፣ አባ።»

«በዚህ ጉልበትሽ? ቅጣትሽ ሌላ ነው። ለጎብኚው ሁሉ እውነቱን ራስሽ ትናገሪያለሽ።»

ስግደቱ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ለንብረት ሁሉንም ነገርኩት። ዘመድ እንዳልሆንኩም ጭምር።

«ሰባቱ ዙርስ?»

«ውሸት ነው።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ፣ ንብረት።»

ፊቱ ጠቆረ። ያፈረ ሰው እንደሚቆጣው ተቆጣ። ለቅዳሜ ቆራጮቹን እንደሚጠራ ነግሮኝ ሄደ። ዝም ብል ዛፉ ይተርፍ ነበር። እውነት ተናግሬ አስቆረጥኩት?

እንቅልፍ የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ቆራጮቹ መጋዝ ይዘው መጡ። ጎብኚም መጣ። ሉሊት «ዛሬ ቲቸር ራሳቸው ይናገራሉ» ብላ ወደ ኋላ አለች። ስንት ዓመት ሙሉ ክፍል ተማሪ ፊት የቆምኩ ሴትዮ፣ ከስሜ ለመጀመር ነጠላዬን ሁለቴ አስተካከልኩ።

«ስሜ ገላነሽ ነው። የዚህ ቤት ዘመድ አይደለሁም። የውሃ ቀጂዋ የአማከለች ልጅ ነኝ።»

የቀረውን ነገርኳቸው። የጓሮ በሩን፣ ስድቡን፣ ዋንዛው ሥር ተቀምጣ እግሯን ስትዘረጋ የምታወጣውን ትንፋሽ። የሰው ትዝብት ጠበቅኩ... አልመጣም። ከኋላ የቆሙ አንዲት አሮጊት «የኔም እናት ቀድታለች፣ እዚሁ ቤት» አሉ፤ መጥተው እጄን ያዙኝ።

«የምትቀዳበት ወንዝ የት ነው?» አለ አንዱ ቆራጭ።

«ላሳያችሁ።»

ቆራጮቹ መጋዛቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ተከተሉ። በጓሮ በር ወጣን። መንገዱን ቁጥቋጦ ውጦታል፤ እግሬ ግን አልረሳውም። ንብረት ከሁሉ ኋላ፣ አኩርፎ ይከተላል። ታች ውሃው ዳር ስንደርስ ጠጋ አለኝ።

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«ስምንት። በዓል ሲሆን አስራ ሁለት።»

ውሃውን አየ። ቁልቁል የመጣንበትን ዳገት አየ። ከዚያ ወደ ቆራጮቹ ዞረ።

«ዋንዛው ይቅር። ይህን መንገድ ጥረጉልን፤ ሰው ይሂድበት።»

ሽቅብ ስንመለስ ደከመኝ ያለ አንድ ሰው የለም። አፍረው ነው። እኔ ግን ሦስት ጊዜ አልኩ። ልጇ ነኝ፣ መብቴ ነው።