ያልደረስኩበት ገጽ

ጥቅምት 6

ምክር ቤት ዋልኩ። ጠዋት ስለ መንገድ መብራት ሲጨቃጨቁ ረፈደ፤ ከሰዓት የእኛ ኮሚቴ በር ዘግቶ ተቀመጠ። መንግሥት የሰውን የስልክና የባንክ መዝገብ በምስጢር ሲጠይቅ፣ በየሁለት ወሩ የምንቆጣጠረው እኛ ነን። ሞባይል በር ላይ ይቀራል። ወረቀቱን እዚያው ያድሉሃል፣ እዚያው ይለቅሙታል። ቤት ወስጄ ቀስ እያልኩ እንዳላይ...

ለማንበቢያ አንድ ሰዓት ሰጡን። ጎኔ ያለው ጠበቃ ሲገልጥ ገለጥኩ። ራሱን ሲነቀንቅ ነቀነቅኩ። እኔ ገና የመጀመሪያው ገጽ ግማሽ ላይ ነበርኩ። "የሚደግፍ" ሲባል እጄን አወጣሁ። ሻዩ ጥሩ ነበር።

ጥቅምት 19

ወዳጄ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ከልጄ ሌላ የሚያጫውተኝ እሱ ነው። ዛሬ መቀሱ ቀስ ይላል።

"ደህንነቶች ጠርተውኝ ነበር" አለ። "ሌሊት ሌሊት ለማን ነው የምትደውለው ይሉኛል። እህቴ ናት፣ ታማ እንቅልፍ እምቢ ብሏት ነው ብል... ደቂቃውን ሳይቀር ያውቁታል።"

"ማን ነገራቸው?"

"ስልክ ድርጅቱ ነዋ። ለእኔ ትንፍሽ እንዳይል ታዞ።" ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "ደግነቱ አንተ እዚያ አለህ። የመረጥንህ ለዚህ አይደል? ያንተ ዓይን ሳያየው አያልፍም።"

መስታወቱ ፊት ለፊቴ ነው። ወዴት ልይ?

ጥቅምት 20

እህል አልበላ አለኝ።

ኅዳር 2

ልጄ ከየት አምጥታው እንደሆነ እንጃ... "አባዬ፣ እዚያ የሚሰጧችሁን ወረቀት ታነበዋለህ?"

"እንግዲህ አባትሽን ፈትኚ!" ብዬ ጮህኩባት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕዝብ ጭኖ አውቶቡስ የነዳ ሰው እንዲህ ይጠየቃል? "አነባለሁ" አልኳት። ዝም ብላ ሰሃኑን አነሳች። እናቷም በዝምታ ነበር የምትገርፈኝ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፣ ከተጋባን በኋላ። ይህችን ማስታወሻ መሞነጫጨር ከእሷ ለመድኩ፤ የሰው ጽሑፍ ማንበብ ግን እስከ ዛሬ ይጎተትብኛል። ለማንም ሳትናገር ሞተች። ገመናዬን ሸሸገችልኝ። እኔ ደግሞ ለልጇ ዋሸሁ።

ታኅሣሥ 5

በር ተዘግቶ የተነገረውን ቁጥር አልጽፍም፣ ምያለሁ። የራሴን ግን እጽፋለሁ።

ወረቀቱ ታደለ። ጠበቃው ገለጠ። እኔ አልገለጥኩም። ሰብሳቢዋ "ወደ ድምፅ እንሂድ" ስትል "ይነበብልን" አልኩ።

"ጋሼ፣ መነጽርዎን ረስተው ነው?"

መውጫ ቀዳዳ መስጠቷ ነው፣ ትባረክ። ልሾልክበት ምንም አልቀረኝ።

"መነጽሬማ ዓይኔ ላይ ነው። ማንበቡ ነው የሚያቅተኝ። ባለፈውም ሳላነብ ነው እጄን ያወጣሁት።"

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ጆሮዬ ነደደ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ...

ጸሐፊዋ ድምፅ አውጥታ አነበበች። ሕጉ ይየው ቢልም አብዛኛውን ጥያቄ ዳኛ አላየውም። "አስቸኳይ" ተብሎ ነው ያለፈው። የደህንነቱ ሹም አልደነገጠም። "ባለፈውም ይኸው ነበር፤ አጽድቃችሁልናል" አለ፣ በትሕትና። እኔን ያየኝ መሰለኝ።

የደህንነቱ ሰዎች ዳኛ ለምን እንዳላየው አስረዱ ተባሉ። ድምፁ ለሚቀጥለው ስብሰባ አደረ። የባለፈው ግን... እሱ ከእጄ ወጥቷል።

ታኅሣሥ 7

ወዳጄ ጋ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ፣ እንደቆምኩ ነገርኩት። የኮሚቴውን ምስጢር አይደለም፣ የራሴን ብቻ።

"ያላነበብከውን ነው ያጸደቅከው?"

"ያላነበብኩትን።"

"አንብቡልኝ ማለት አቅቶህ?"

"አፍሬ።"

መቀሱን አስቀመጠ። "እህቴ አሁን ስደውል አታነሳም። ትፈራለች። ሌሊቱን ብቻዋን ነው የምትገፋው" አለ።

ፎጣውን አራግፎ ሰቀለው።

"በል እንግዲህ፣ ቀጣዩ ስብሰባ እስኪደርስ ቁጭ ብለህ ፊደል ቁጠር።" አልሳቀም። ተቀመጥም አላለኝ። ጺሜን እንዳንጨፈረርኩ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለልጄ እውነቱን ነገርኳት። ጋዜጣ ዘረጋሁና አጠገቤ ቁጭ በይ አልኳት። ከመስመሩ ሥር ጣቴን እየጎተትኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ተሳሳትኩ። አረመችኝ። ደገምኩት።