ዕዳዬን በከፈልኩ ቁጥር ለሚያሳድግልኝ ማኅበሬ

ግንቦት 21 ቀን 2009 ዓ.ም.
ቦንጋ

ለተከበሩ አቶ ማዕረግ ወልደ ጊዮርጊስ
የጮራ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ባለቤትዎንም፣ ልጆችዎንም፣ ዘንድሮ ወደ ቢሮዎ የገባውንም ኮምፒዩተር በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። የግንቦቱ ዝናብ ጣሪያዎን እንዳያፈስብዎ፣ መብራት እንዳይጠፋብዎ፣ ኔትወርክም እንዳይርቅዎ ጸሎቴ ነው። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ ከዕዳ በስተቀር የተጨመረብኝ ነገር የለም።

በዐሥራ አንድ ዓመት የማኅበራችን ስብሰባ አንድም ቀን እጄን አንሥቼ ስለማላውቅ ምናልባት መልኬን አያስታውሱት ይሆናል። ከውኃ ቦኖው ፊት ለፊት፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ባለቤት፣ ኮረሪማ ነጋዴዋ ተሾመች ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልባቸው ቁርጥራጭ ጋዜጦች ስለሆነ፣ የተጻፈ ነገር ካየሁ ከግርጌ በትንንሽ ፊደል ያለውን ጨምሮ እስከ መጨረሻው ሳላነብ አላልፍም። ማስታወቂያዎችዎ ከእኔ የበለጠ ታማኝ አንባቢ ያላቸው አይመስለኝም።

ባለፈው ዓርብ የለጠፉትንም አንብቤዋለሁ። ውዝፍ ዕዳቸውን እስከ ሰኔ 9 ያላጠናቀቁ አባላት ለካርታ ወደ ማዘጋጃ ቤት ከሚላከው ዝርዝር እንደሚሰረዙና ቤታቸው ለተጠባባቂ አባላት እንደሚተላለፍ ይናገራል። ስሜ በተራ ቁጥር አራት ላይ ያለ አንዳች የፊደል ግድፈት ሰፍሯል፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ሆኖም ቤቱን ከማስረከቤ በፊት ለባለዕዳነት እንዴት እንደበቃሁ እርስዎም እንዲያውቁልኝ፣ ቅሬታዬን እንደ መሥሪያ ቤት ወግ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በነሐሴው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሃምሳ ብሩ ወርሃዊ መዋጮ ከመስከረም ጀምሮ በኢንተርኔት እንደሚከፈል፣ ይህም አባሉን ከምልልስ፣ ማኅበሩን ከኪራይ ሰብሳቢነት እንደሚያድን በሰፊው አብራሩልን። ቀድመው ለሚመዘገቡ «ሞዴል አባላት»ም የምስክር ወረቀት አዘጋጁ። ከአርባ አንዳችን ዐሥራ ሰባታችን ተመዘገብን፤ ተጨበጨበልን። የእኔ ወረቀት አሁንም ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ቤቱ ለተጠባባቂ ሲተላለፍ ወረቀቱም አብሮ ይተላለፍ እንደሆነ ማስታወቂያው አይገልጽም።

2. ከምልልስ ስለ መዳናችን። ድሮ ገንዘቡን ቢሮ ወስጄ እሰጥ ነበር። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የአብነት ኢንተርኔት ቤት እሄዳለሁ፤ አብነት በማኅበሩ የክፍያ ገጽ ይከፍልልኝና ወረቀት ያትምልኛል፤ ያንን ይዤ ወደዚያው ወደ ቢሮዎ እመለሳለሁ፤ ጸሐፊዋ ትሕትናም ወረቀቱን አይታ በእስክሪብቶ መዝገብ ላይ ትጽፈዋለች። ኔትወርክ ስጠብቅ የሺሺንዳ ገበያ መኪና ሁለት ጊዜ አምልጦኛል፤ ኮረሪማው ግን አልተቀየመዎትም።

3. የክፍያ ገጹ ከምልከው ሃምሳ ብር ላይ «የክፍያ ማስተናገጃ» ብሎ ስድስት ብር ይቆርጣል። ወደ ማኅበሩ የሚደርሰው አርባ አራት ስለሆነ ትሕትናም የደረሰውን ብቻ ትጽፋለች። ስድስት ብር በማጉደሌ ደግሞ በየወሩ አምስት ብር እቀጣለሁ። ስድስቱን ጨምሬ ልላክ ብል ገጹ ለመዋጮ ከሃምሳ ብር ሌላ ቁጥር አይቀበልም። በዚህ አኳኋን ዕዳዬ በዘጠኝ ወር ዘጠና ዘጠኝ ብር ደረሰ። ቅጣት የሚከፈልበት ቦታ ገጹ ላይ መኖሩን ባየሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ የአንዱን ወር አምስት ብር ላክሁ። ከአምስቱ ብር ላይ ስድስት ብር ተቆረጠ። አብነት ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አየውና «እትዬ ተሾመች፣ ኧረ ይቅርብዎት! ይኼ እኮ ሲከፍሉት ነው የሚያድገው» አለኝ። እውነትም መዝገቡ ላይ መቶ ሞልቶ ጠበቀኝ። በንግድ ብዙ ጊዜ ከስሬ አውቃለሁ፤ ከፍዬ ዕዳ ስገዛ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

4. ይህን ለማስረዳት ገንዘብ ያዣችን ወደ ወይዘሮ ላቀች ቤት ሄድሁ። በአጥር ስለምንዋሰን፣ ጓሮዬ ጎመን ስቀነጥስ፣ ያልተመዘገቡት አባላት አመሻሽ ላይ ሃምሳ ብራቸውን በእጃቸው ሰጥተው ሙሉ ደረሰኝ ይዘው ሲወጡ አያለሁ። ክቡርነትዎንም በየወሩ መጀመሪያ አይዎታለሁ፤ ሁለት ጊዜም በአጥሩ ላይ እጅ ነሥቻለሁ። እኔም ሃምሳ ብሬን ይዤ ብገባ፣ ወይዘሮ ላቀች ከልባቸው እያዘኑ «ውይ ተሾሜ፣ አንቺ እኮ ሞዴል ነሽ! ከሞዴል በእጅ እንዳልቀበል ታዝዣለሁ» ብለው መለሱኝ።

5. የአስተያየት መስጫው ሣጥን ሞልቷል። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ከዚህ በታች ያለው ቅሬታ አይደለም፤ የንባብ ውጤት ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ግራ በኩል ከመስከረም ጀምሮ የተለጠፈው የሞዴል አባላት ዝርዝር አለ። በቀኝ በኩል አዲሱ የባለዕዳዎች ዝርዝር አለ። ጣቴን እያስኬድኩ ሁለቱንም አነበብኳቸው። ዐሥራ ሰባቱም ስሞች አንድ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው እንኳ አልተለወጠም። ከታዘዙት መካከል ዕዳ የሌለበት የለም፤ ካልታዘዙት መካከል ዕዳ ያለበት የለም። ሰሌዳው ጠባብ ስለሆነ አንዱን ዝርዝር ማንሣት ይቻላል፤ የትኛው እንደሚነሣ ለእርስዎ ጥበብ ትቻለሁ። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ያሉት እትዬ ዓባይነሽ ማንበብ ስለማይችሉ እስካሁን የሚያውቁት ሞዴል መሆናቸውን ብቻ ነው። ትናንት ቤታቸውን ኖራ ሲቀቡ አየኋቸው።

ይህ ሰፈር ጫካ ሳለ መሠረቱን የቆፈርነው በዳዶ እንደነበረ አይዘነጉትም። ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው፣ ቀን በቀን፣ ጉልበት በጉልበት ነበር የምንከፋፈለው። እርስዎ ያኔ አካፋ ይዘው ለእኔ ቤት ሁለት ቀን ቆፍረዋል፤ እኔም ለእርስዎ ቤት ሁለት ቀን ድንጋይ ተሸክሜአለሁ። ግቢዎ ለመድረስ የተጓዝኩበትን ሰዓት ቆርጠው «ቀንሽ ጎዶሎ ነው» አላሉኝም። ባለቤትዎ የሰጡኝ ቆጮም ሙሉ ቁራሽ ነበር። አሁን ለተጠባባቂ የሚተላለፈው እርስዎ በገዛ እጅዎ የቆፈሩት ያ መሠረት ነው፤ ስድስት ብር ለማስተናገድ ሲባል።

ስለዚህ ቅዳሜ ሰኔ 3 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እኛ ሞዴሎቹ የሰኔን ሃምሳ ብር በእጃችን ይዘን ቢሮዎ በር ላይ እንሰለፋለን። ዐሥራ አምስቱን ቤት ለቤት ዞሬ አነጋግሬአለሁ። ለእትዬ ዓባይነሽ የምነግራቸው ዓርብ ማታ ነው፤ የቀኙን ዝርዝር ቀድመው ቢያነሡልኝ ግን ከዚህ ሸክም ይገላግሉኛል። እንደ ሌሎቹ አባላት ሙሉ ደረሰኝ እስኪቆረጥልን፣ የተቆረጠብንም ማስተናገጃና ቅጣት ከመዝገብ እስኪፋቅ ድረስ ከዚያ አንነሣም። እኔ እንደ ልማዴ አልናገርም። መቆም ግን እችልበታለሁ፤ ድንጋይ ተሸክሜ ቆሜ አውቃለሁ።

ለመዋጮዋ ማስተናገጃ፣ ለማስተናገጃው ቅጣት፣ ለቅጣቱም ሌላ ማስተናገጃ ከፍላ ገና ያላመረረች፣ የዘወትር አክባሪዎና ታዛዥዎ፣

ተሾመች ደጉ
የሞዴል አባላት ተራ ቁጥር 4
የባለዕዳዎች ተራ ቁጥር 4

ግልባጭ፦ በሰሌዳው ፊት ለሚያልፍ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ እንደ ሞዴልነቴ በክፍያ ገጹ ላይ «ቅሬታ» በሚለው ቦታ ልልከው ሞክሬ ነበር። አብነት እንዳሳየኝ ቅሬታ ለማስተናገድም ስድስት ብር ይጠየቃል። ስለዚህ በሁለቱ ዝርዝሮች መካከል በእጄ ለጥፌዋለሁ። ለሙጫ ሁለት ብር ስላወጣሁ ይህ የእኔ ማስተናገጃ ተብሎ ከመቶው ላይ ይቀነስልኝና ዕዳዬ ዘጠና ስምንት ብር ይባል። በማኅበራችን ታሪክ የሞዴል አባል ዕዳ ሲቀንስ የመጀመሪያው ስለሚሆን፣ ለዚህም የምስክር ወረቀት ያዘጋጁልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።