ባሕር የበላት ከተማ ሁለት ወንበሮች

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ያ የግራ ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት ቻለው? ዓይንዎ ከታከመ ወዲህ ጽሑፍ እንደሚለዩ እኅቴ ወንጌላዊት ነግራኛለች፤ ስለዚህ ፊደሌን አላገዝፍም። እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የጎረቤታችን ልጅ ክብሮም ከዚህ ደውሎ «ልጅዎ የእድር ወንበራችንን ለሌላ አሳልፎ ሰጠ» እንዳለዎት ሰማሁ። እውነት ነው። የሆነውን ከእኔም ይስሙት።

የዚህ አገር እድራችን ሲመሠረት እዚህ ሳን ሊያንድሮ ከተማ አርባ ቤት ስለነበርን ሁለት የኮሚቴ ወንበር ተሰጠን። ዛሬ የቀረነው አራት ቤት ነን፤ ወንበሮቹን ግን እኔና ክብሮም ይዘናቸው ቆየን። ከእኛ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል የሚርቀው ሳን ሆዜ ግን ስድሳ ቤት ሆኖ አንድም ወንበር አልነበረውም። ሐምሌ ላይ የሳን ሆዜዋ የወይዘሮ እጅጋየሁ ባለቤት አረፉ። ወይዘሮዋ ለቅሶው እዚሁ ሰፈሬ ይሁንልኝ ብለው ለመኑ። ኮሚቴው እንደ ልማዱ ለእኛ በሚቀርበው በኦክላንድ ይሁን አለ፤ በሁለት ድምፅ ብልጫ። እኔም ለኦክላንድ እጄን አውጥቻለሁ። ሴትዮዋ የገዛ ባላቸውን ለቅሶ ለመቀመጥ ሦስት ቀን ሙሉ በሀይዌይ ተመላለሱ።

ሳን ሆዜ የማስታምማቸው የዘጠና ዓመት እንግሊዛዊ አሉ። አንድ ጠዋት ቁርስ ሳበላቸው ስለ አገራቸው ጠየቅኳቸው። በምሥራቁ ጠረፍ ስላለች ደንዊች ስለምትባል መንደር አወሩኝ። ጥንት ትልቅ ወደብ ስለነበረች ለፓርላማ ሁለት ሰው ትልክ ነበር። ከዚያ ባሕሩ እየገመሰ ወሰዳት፤ አብያተ ክርስቲያናቱ አንድ በአንድ ከገደሉ ወረዱ። ሁለቱ እንደራሴዎች ግን አልቀሩም። በመጨረሻ መራጩ ሠላሳ ምናምን ሰው ሲሆን፣ ማን እንደሚላክ የሚወስኑት ባለርስቶች ነበሩ። ያን ጊዜ ማንቸስተርን የሚያህል ከተማ የራሱ ተወካይ አልነበረውም። የደንዊች ወንበሮች በእነሱ አቆጣጠር በ1832 በሕግ ተሰረዙ።

«በፈቃዱ የለቀቀ አልነበረም?» አልኳቸው።

«ማን ወንበር ይለቃል?» ብለው ሲስቁ ሻያቸው ፈሰሰ። እኔ አልሳቅኩም።

በመስከረሙ ስብሰባ ተነሥቼ ወንበሬ ለሳን ሆዜ ይሰጥ አልኩ። ክብሮም «ሰፈራችንን ሸጥከው!» ብሎ ወጣ፤ እስካሁን ስልኬን አያነሣም። ወይዘሮ እጅጋየሁ ተመረጡ። ሲደውሉልኝ ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር።

«ዘገየህ፣ ደግነት» አሉኝ። «እኔ ባሌን ሁለቴ አልቀብርም።» ቀጥለውም «የሚቀጥለው ስብሰባ ሳን ሆዜ ነው፤ እንዳትቀር» አሉ።

ሄድኩ። እንደ ተራ አባል ከኋላ ተቀመጥኩ።

እርስዎ ሠላሳ ዓመት የእድር ዳኛ ነበሩ። ለክብሮም ከፈረዱለትም ይጻፉልኝ፤ አልቀየምም።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ። ወንጌላዊትንና ልጇን ያብስራን ሰላም ይበሉልኝ። የክብሮምን እናት ሲያገኟቸውም ሰላምታዬን አይንፈጓቸው።

ልጅዎ ደግነት
ሳን ሊያንድሮ፣ ካሊፎርኒያ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.