ለዱክቱራ ኒዕማ ያልነገርኳት

ካርቱም፣ ሳጃና
ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሸዋዬ፣

ከትምህርት ቤት ተመልሼ ምሳ ሳልበላ ነው ይህን የምጽፍልሽ። እማዬ በምትሠራበት ምግብ ቤት ወጥ እየሠራች ነው። ግቢው ውስጥ ያለችው ጎረቤታችን አሚና ብቻ ናት፣ ልብስ ታሰጣለች። አርባሽ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ አልቅስ፣ ይውጣልህ አለኝ። አሁን ደግሞ በቃህ፣ እናትህን አስብ ይለኛል። ሁለቱም አደከመኝ። የምጽፍልሽ ሳላለቅስ የምነግርሽ አንድ ነገር ስላለኝ ነው።

አንቺ የተናገርሽውን ለዱክቱራ ኒዕማ አልነገርኳትም። ይኸው ነው ነገሩ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እዚህ ግቢ ውስጥ ዐረብኛ ጽፎ የሚያነብ እኔ ብቻ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ የሁሉም አስተርጓሚ ነኝ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለማሳደስ ወረፋ ሲያዝ እኔ አለሁ። ፖሊሶች ወረቀት የሌለውን ለማፈስ ከሻ ሲወጡ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። እማዬ ያኔ ያስተማረችኝ አንድ ትምህርት ነበር። የሚጎዳንን ዋጠው፣ የሚጠቅመንን ተናገር። አሚና ፖሊሱን በአማርኛ የእናቱን ስም እየጠራች ስትሰድበው እኔ "እግዜር ዕድሜ ይስጥህ ትልሃለች" ብዬ ተርጉሜ ሁላችንም በሰላም ገብተናል። ያን ቀን አሚና እስኪያማት ሳቀች። "ይህ ልጅ ምላሱ ላይ ወንፊት አለው" አለች። ተኩራራሁ።

አንቺ ከጎንደር ስትመጪ እኔ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እዚሁ ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ገብተሽ ስትሠሪ የተማርሽው ዐረብኛ የትእዛዝ ዐረብኛ ነው። ውሃ፣ ጨርቅ፣ ልጁን አንሺው፣ ያላ። ሀዘን የሚለውን ቃል መዳም አላስተማረችሽም። እማዬም ብትሆን ከሽንኩርትና ከዘይት ያለፈ ዐረብኛ የላትም። ስለዚህ ባለፈው መስከረም ከአልጋ መነሣት ሲያቅትሽ፣ እኔ አንቺንና እማዬን በሶባ መስመር ሚኒባስ ይዤ ዱክቱራ ኒዕማ ክሊኒክ ወሰድኳችሁ።

ዱክቱራዋ ጥሩ ሰው ናት። አልቸኮለችም። ምን ይሰማሻል ብለህ ጠይቃት አለችኝ። ጠየቅኩሽ። አንቺ መሬት መሬት እያየሽ ብዙ ተናገርሽ። ቃል በቃል አልረሳሁትም።

"ሀዘኑን እችለው ነበር ዘሙ፣ አርፎ ቢቀመጥ። ይሮጣል። እግር አውጥቶ ይሮጥብኛል። አልቅሼ ሳልጨርስ ሳቄ ይመጣል። ስስቅ ደግሞ መሞት ያሰኘኛል። ሦስት ቀን አልተኛሁም፣ ግን ቤቱን ሁሉ ገልብጬ ባጥብ አይደክመኝም።"

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ወደ ዱክቱራዋ ዞሬ "ሀዘን አለባት፣ እንቅልፍ የላትም" አልኩ።

ዱክቱራዋ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ።

"ያን ሁሉ ተናግራ ይህን ብቻ ነው ያለችው?"

"አማርኛ ረጅም ነው" አልኳት።

ለምን እንዳደረግኩት ልንገርሽ። ጠረጴዛው ላይ ቅጽ ነበር። ቅጹ ላይ የአሠሪሽ ስም ተጽፏል። መጅኑና ናት፣ እብድ ናት ብለው ከጻፉ መዳም የምታባርርሽ፣ ኢቃማሽ የሚሰረዝ፣ ተጭነሽ ወደ ድንበር የምትወሰጂ መሰለኝ። መሞት የሚለውን ቃል ካነሣሁ ደግሞ እዚያው ዘግተውብሽ የሚያስቀሩሽ መሰለኝ። እንደ ከሻው ቀን የሚጎዳውን ዋጥኩት። ዱክቱራዋ ፖሊስ እንዳልሆነች ማሰብ ነበረብኝ።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ይህኛው የበለጠ ያሳፍረኛል። እነዚያን ሳትተኚ አድረሽ የምትውዪባቸውን ቀኖች እወዳቸው ነበር። የግቢውን ብርድ ልብስ ሁሉ ሰብስበሽ ያጠብሽው፣ በርሜሉ ባዶ የቀረው፣ አሚና "ይቺስ ለመዳም በአንድ ደመወዝ ሁለት ሠራተኛ ናት" ያለችው ቀን። ሳጃና ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት እከፍታለሁ ብለሽ የበሩን ቀለም ሳይቀር የመረጥሽበት ቀን። የአማርኛ ፊደል ያስጨረስሽኝ በእነዚያ ቀኖች ነው። እየሳቅሽ እንባሽ ደብተሬ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ። "ምን ሆነሽ ነው?" ስልሽ "ምንም፣ አንተ ጻፍ" አልሽኝ። ጻፍኩ። ያ በሽታ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። እህቴ ደስ ያላት ቀን ነበር የሚመስለኝ። ለሐኪም ከነገርኩ መድኃኒቱ እሱን ቀን የሚወስድብኝ መሰለኝ።

ዱክቱራዋ ለሀዘን የሚሰጠውን ክኒን አዘዘችልሽ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ጥናት አለን አለች። ለጥናቱ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው አንጎሉን በኤም አር አይ ማሽን በነፃ ያነሡለታል። እኔን አስቀምጣ በደንብ አስረዳችኝ። ሀዘን የያዘው ሰው ሁሉ አንድ አይደለም አለች። አንዱ ዝም ብሎ ያዝናል፣ ይከብደዋል። ሌላው እያዘነ ውስጡ ይቸኩላል፣ ሐሳቡ ይፈጥናል፣ ሀዘኑና ሞቅታው በአንድ ጊዜ ይይዙታል። ይህ ቅይጥ ይባላል፣ ከውጭ ሲታይ ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰላል። እነሱ የሁለቱን ወገን የአንጎል ምስል ጎን ለጎን አድርገው ልዩነት ይኖረው እንደሆነ ያያሉ። "እህትህን ከመጀመሪያው ወገን ነው የመዘገብናት" አለችኝ።

ይህን ስትል አንቺ የትኛው ወገን እንደሆንሽ አወቅኩ ሸዋዬ። ያኔ መናገር እችል ነበር። አንቺና እማዬ ከጎኔ ነበራችሁ፣ "ምን አለች?" አላችሁኝ። "ፎቶ ያነሡሻል አለች" አልኳችሁ።

ዝም ያልኩበትን ምክንያት ለራሴ እንዲህ ብዬ ነገርኩት፤ ማሽኑ ራሱ ያገኘዋል። የሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚያይ ማሽን ከሆነ እኔ የዋጥኩትን ሁሉ አውጥቶ ያሳያቸዋል፤ ያኔ የተናገርኩት እኔ አልሆንም። የጆሮ ወርቅሽን አውልቀሽ ለእማዬ ሰጥተሽ ገባሽ። ድምፁ እስከ ኮሪደሩ ይሰማ ነበር፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ይመስላል። ስትወጪ ፊትሽ ላይ የማሽኑ ትራስ መስመር ሠርቷል።

"ያየው ይሆን?" አልሽኝ።

"ምኑን?"

"የሚሮጠውን።"

"አይቶታል" አልኩሽ። ከልቤ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን አነበብኩት። እጢ የለም፣ ደም መፍሰስ የለም፣ ሁሉም ጤነኛ ነው ይላል። እማዬ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ አመሰገነች። እኔም ቀለለኝ። ማሽኑ ካላገኘው የለም ማለት ነው አልኩ። አንቺ ግን ወረቀቱን ተቀብለሽ ብዙ አየሽው፣ ዐረብኛ ማንበብ እንደማትችዪ እያወቅሽ። ከዚያ አጥፈሽ መለስሽልኝ።

ኅዳር 17 ቀን ራስሽን አጠፋሽ። ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

ቄሱ እማዬን "ታማ ነበር ወይ?" ብለው ጠየቋት። "አዎ አባቴ፣ ታማ ነበር፣ ሐኪም ዘንድ ነበረች" አለች። ፍትሐት ተደረገልሽ። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ እሳቸው በአንድ ጥያቄ የሰሙትን እኔ ለሐኪሟ መንገር እንዳቃተኝ አሰብኩ።

ባለፈው ሐሙስ ዱክቱራዋ እኔንና እማዬን አስጠራችን። ተነሥታ እማዬን አቀፈቻት። "ኻልቲ" እያለች፣ አክስቴ እንደማለት፣ ብዙ አጽናናቻት። ይህን ሁሉ ሳላስቀር ተረጎምኩ፣ ቀላል ነበር። ከዚያ ጥያቄዋን አመጣች። ምስልሽ ጥናቱ ውስጥ አለ። ቤተሰብ ካልፈለገ ይወጣል፣ ከፈቀደ ይቆያል። "ጠይቃት" አለችኝ።

ወደ እማዬ ዞርኩ። ተመልሼ ወደ ዱክቱራዋ ዞርኩና በዐረብኛ ነገርኳት። የሮጠውን ሀዘን፣ ሳቁን፣ መሞት ያሰኘኛል ያልሽውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ፀጉር ቤቱን። አንድ ጊዜ ስጀምር ማቆም አቃተኝ። ማሽኑ ያገኘዋል ብዬ ነበር አልኳት።

ዱክቱራዋ ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች።

"ከአንድ ሰው ምስል ላይ ይህን የሚያነብ የለም ልጄ" አለች። "እኔም አልችልም። የብዙ ሰው ምስል ተደርድሮ ነው ምናልባት ትንሽ ነገር የሚታየው፣ እሱም ገና አልተረጋገጠም። የማንን ምስል ከየትኛው ወገን እንደምናስገባ የሚነግረን ሰውየው ራሱ ነው። የእህትህን ያስገባነው አንተ በነገርከን ነው።"

ብነግራት ኖሮ ትኖሪ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሌላ መድኃኒት ታዝ እንደነበር፣ ቶሎ ቶሎ ታይሽ እንደነበር፣ ከዚያ በላይ ግን እንደማታውቅ ነገረችኝ። አልዋሸችኝም። ቀጥሎ ደግሞ ልጅን ለገዛ እህቱ አስተርጓሚ አድርጋ ማስቀመጧ የእሷ ጥፋት እንደሆነ፣ ያን ቀን ሌላ ሰው መፈለግ እንደነበረባት ተናገረች። ይህን ለማጽናናት ነው ያለችው፤ እኔ ግን አልቀለለኝም።

እማዬ እጄን ያዘች። "ምንድን ነው? ስለ ልጄ ምን አለች? ለምን ታለቅሳለህ?"

ዱክቱራዋ አማርኛ ባትሰማም ጥያቄው ገባት። "ንገራት" አለችኝ።

የራሴን ነገር ለገዛ እናቴ ተረጎምኩ። አንቺ ያልሽውን እሷም ያን ቀን በጆሮዋ ሰምታው ነበር። ያልሰማችው እኔ ያልኩትን ነው። ስጨርስ ፊቷን ማየት ፈራሁ። ትመታኛለች ብዬ ነበር፣ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እማዬ ነጠላዋን አውርዳ እንደገና ለበሰች።

"ዋጠው ያልኩህ እኔ ነኝ" አለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። "አሁን እኔ የምለውን ንገራት። አንድም እንዳታስቀር።"

ከዚያ ተናገረች። በዐሥራ አራት ዓመትሽ ጎንደር ሳለሽ እንዲህ ሆነሽ ሁለት ወር ጠበል እንደነበርሽ ተናገረች። ለኔ ነግራኝ አታውቅም። አባታችን እንደዚያው እንደነበረ ተናገረች፤ ይህንንም አላውቅም ነበር። አንዳንዱን ስተረጉም ቃል ፈልጌ እቆማለሁ፣ እሷ ትጠብቀኛለች፣ ስቀጥል ትቀጥላለች። ዱክቱራዋ ትጽፋለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ውጭ በሽተኞች ሲያጉረመርሙ ይሰማል።

በመጨረሻ ዱክቱራዋ ፋይሉን ከፍታ ከአንዱ ዝርዝር ላይ ሰረዘችሽና ከሌላው ላይ ጻፈችሽ። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ እንደገና ጠየቀች፤ ምስልሽ ይውጣ ወይስ ይቆይ? ይህን ጊዜ ለእማዬ ነገርኳት።

እማዬ መጀመሪያ ያሰበችው ማስወጣት ነበር፣ ስንመለስ በመንገድ ላይ ነግራኛለች። የልጄን ጭንቅላት ማንም እያገላበጠ እንዲያይ አልፈልግም ብላ አስባ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ወደኔ ዞረች።

"እዚያ ያሉት፣ እንደሷ የሆኑት፣ ስንት ናቸው በልልኝ።"

ጠየቅኩ። ዐሥራ ዘጠኝ ነበሩ፣ ከአንቺ ጋር ሃያ።

"ሁሉም ይሮጥባቸዋል?"

"ሁሉም" አለች ዱክቱራዋ።

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። አንቺ ብቻሽን እንደዚያ የሆንሽ ይመስላት ነበር። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አንቺም ሳይመስልሽ አልቀረም፣ ማንም ስላልነገረሽ።

"ትቆይ" አለች። "ከሰው መሃል ትሁን።"

ተረጎምኩት። ቃል በቃል።

ሸዋዬ፣ ይህን ሁሉ ከነገርኩሽ በኋላ ይቅር በዪኝ ማለት ነበረብኝ፣ ግን ማን ይመልስልኛል። ትናንት አሚና ጥርሴን ልታይ ነው፣ አብረኸኝ ና አለችኝ። ደክሞኛል አልኳት። አልተቆጣችም። "ማሌሽ፣ እኔ አፌን ከፍቼ አሳየዋለሁ፣ ጥርስ ምን ትርጉም ያስፈልገዋል" ብላኝ ሄደች። እማዬ ከሐሙስ ወዲህ ማታ ማታ ስለ አንቺ ትነግረኛለች፤ ሕፃን ሳለሽ፣ ጎንደር ሳለሽ፣ የማላውቀውን ሁሉ። አዳምጣለሁ። አንዳንዴ እያዳመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስነቃ ብርድ ልብስ ለብሼ አገኛለሁ።

ነገ የጂኦግራፊ ፈተና አለብኝ፣ አንድ ገጽ አላነበብኩም። አሁን ልነሣና ልሞክር።

ደህና እረፊ እህቴ።

ታናሽ ወንድምሽ
ዘማርያም